የተበከለ ፍሳሽ ውሃን በብርሃንና በካታሊስት ማከም፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

«ቀለሙ ጠፍቷል፤ ታዲያ ውሃው ታክሟል ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ዱቄት ከባለቀለም ውሃ ጋር ቀላቅለው፣ መብራት ሥር አስቀምጠው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ገርጥቶ ያገኙ ተማሪዎችና ጀማሪ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ናቸው። መልሱ ሙከራው በተሠራበት መንገድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነና ይህን በአጭር መልእክት ማስረዳት ስለማይቻል፣ ሙሉውን አሠራር ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። መመሪያው የተዘጋጀው በላቦራቶሪ ውስጥ በግማሽ ሊትር መጠን ለሚሠራ ሙከራ ነው፤ ወደ እውነተኛ ፍሳሽ ሲሸጋገሩ የሚለወጠውን ደግሞ በመጨረሻው ክፍል ያገኙታል።

ከመጀመርዎ በፊት ሊገባዎ የሚገባው

በዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከፊል አስተላላፊ በመሆኑ በቂ ጉልበት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያለ ኤሌክትሮን ከቦታው ተነሥቶ ወደ ከፍተኛ የጉልበት ደረጃ ይወጣል፤ የለቀቀውም ቦታ ባዶ ይቀራል። ባዶው ቦታ በዱቄቱ ገጽ ላይ ካለው ውሃ ወይም ሃይድሮክሳይድ ኤሌክትሮን ሲነጥቅ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ ይህም ያገኘውን ኦርጋኒክ ሞለኪውል ሁሉ ማለት በሚቻል ደረጃ የሚያጠቃ እጅግ ንቁ ቅንጣት ነው። የተነሣውን ኤሌክትሮን ደግሞ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ይወስደዋል። የሚወስደው ካጣ ኤሌክትሮኑ ወደ ባዶው ቦታ ይመለሳል፤ የብርሃኑም ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መሟላት አለባቸው፦ ትክክለኛው ብርሃን፣ በቂ ኦክስጅን፣ እንዲሁም ወደ ካታሊስቱ ገጽ የቀረበ በካይ። ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከእነዚህ አንዱን ለመጠበቅ፣ ወይም የታየው ለውጥ በእርግጥ ከእነዚህ የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ የተቀመጡ ናቸው። ሥራው አልሄድ ሲል በመጀመሪያ ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ ይመርምሩ።

የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

- ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ቢያንስ 5 ግራም። አናቴስ የተባለው የክሪስታል ዓይነት የበዛበትን ይምረጡ። በላቦራቶሪዎች ዘንድ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግለው ፒ25 የተባለው ዱቄት ከመቶ 80 ገደማው አናቴስ፣ ቀሪው በአብዛኛው ሩታይል የተባለው ሌላው የክሪስታል ዓይነት ሲሆን አንድ ግራሙ 50 ካሬ ሜትር ያህል የገጽ ስፋት አለው። ለቀለም ፋብሪካ የተዘጋጀውን ነጭ ዱቄት አይጠቀሙ፤ ያ ዱቄት ቀለሙ በፀሐይ እንዳይበላሽ ሲባል ቅንጣቶቹ በአሉሚና ወይም በሲሊካ የተሸፈኑ ስለሆኑ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ጠባይ ሆን ተብሎ ታፍኗል።
- ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ፣ ለመለማመጃ በካይነት።
- ሞገዱ 365 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ የአልትራቫዮሌት መብራት።
- የ1 ሊትር ሰፊ ቢከር፣ ማግኔታዊ ማማሰያ፣ ትንሽ የአየር ፓምፕ (ለዓሣ ገንዳ የሚያገለግለው ይበቃል) ከቱቦው ጋር።
- እስከ 0.001 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ፒፔት፣ የመለኪያ ፍላስክ፣ የፒኤች (የአሲዳማነት ልክ) መለኪያ።
- ስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙና የሚመጥጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) እና ኩቬት (የናሙናው መያዣ)።
- ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ዱቄቱን ከውሃው የሚለይ መሣሪያ)፣ ወይም ሲሪንጅ ከ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ጋር።
- የተጣራ ውሃ፣ ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድና የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መፍትሔ (እያንዳንዳቸው 0.1 ሞላር)።
- ብርሃን የማያሳልፍ ሣጥን ወይም ወፍራም የአሉሚኒየም ፎይል፣ ቴርሞሜትርና የሰዓት መቁጠሪያ።

ማስጠንቀቂያ

የ365 ናኖሜትር ብርሃን ለዓይን ደብዛዛ ሐምራዊ መስሎ ስለሚታይ ጉልበቱ ያታልላል። አልትራቫዮሌት የሚከላከል መነጽር ሳያደርጉ መብራቱን አያብሩ፤ እጅዎን በጓንት፣ ክንድዎን በረጅም እጅጌ ይሸፍኑ። ናሙና በሚወስዱበት ቅጽበት እንኳ መብራቱን ማጥፋት ወይም በመከለያ መጋረድ ይሻላል። 254 ናኖሜትር የሚያወጣ የጀርም ማጥፊያ መብራት ከሆነ ያለዎት፣ ዓይንንና ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያቃጥል ስለሆነ ዝግ ሣጥን ውስጥ ካልሆነ በቀር አይጠቀሙበት።

ዱቄቱ በጣም ደቃቅ ነው፤ ሲመዝኑት ይቦናል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በትንፋሽ የሚገባን የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ጎራ መድቦታል። ስለዚህ ብናኝ የሚያጣራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው፣ ማራገቢያ በሌለበት ወይም ጭስ መምጠጫ ባለው ቦታ ይመዝኑ፤ የፈሰሰውንም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አያንሡ። በመጨረሻም መብራቱ፣ ፓምፑና ማማሰያው ሁሉም በኤሌክትሪክ የሚሠሩና ከውሃ አጠገብ የሚቀመጡ ስለሆኑ ሶኬቶቹን ከቢከሩ ከፍ አድርገው ያኑሩ።

አሠራሩ

1. ብርሃኑን ያረጋግጡ።

አናቴስ የሚነቃው የሞገድ ርዝመቱ ከ388 ናኖሜትር ገደማ በሚያንስ ብርሃን ብቻ ነው። ተራ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል የቱንም ያህል ቢደምቅ በዚህ ክልል ውስጥ የሚያወጣው ብርሃን የለም ማለት ይቻላል፤ «መብራቱ 100 ዋት ነው፣ ግን ምንም አልሆነም» የሚሉኝ ሰዎች ችግር ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የፀሐይ ብርሃንም ቢሆን ለዚህ ሥራ የሚሆነው ክፍሉ ከጠቅላላው ከመቶ 5 ገደማ ነው።

መብራቱን ከቢከሩ በላይ በቋሚ ርቀት፣ ለምሳሌ ከውሃው ገጽ 10 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ያስሩት፤ ርቀቱንም በመዝገብዎ ይጻፉ። ከላይ ማብራት የሚመረጠው ብርሃኑ በመስተዋት ውስጥ እንዲያልፍ ስለማይገደድ ነው። ከጎን ለማብራት ከተገደዱ የቦሮሲሊኬት ቢከር 365 ናኖሜትርን በደህና ያሳልፋል፤ 254 ናኖሜትርን ግን ስለሚያግድ ለእርሱ ኳርትዝ ያስፈልጋል። መብራቱ ኤልኢዲ ሳይሆን በውስጡ ጋዝ የያዘ የኤሌክትሪክ ቱቦ ከሆነ ሙከራው ከመጀመሩ 20 ደቂቃ አስቀድመው ያብሩት፤ ሲሞቅ የሚያወጣው ብርሃን ስለሚጨምር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልኬት ከኋለኞቹ ጋር አይነጻጸርም።

2. የቀለሙን መፍትሔና የመለኪያ መስመሩን ያዘጋጁ።

0.100 ግራም ሜቲሊን ብሉ በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ። ይህ በሊትር 1 ግራም የያዘ ዋና መፍትሔ ነው። ከእርሱ 5 ሚሊ ሊትር ወስደው ወደ 500 ሚሊ ሊትር ሲያሳድጉ በሊትር 10 ሚሊ ግራም የሆነ የሙከራ መፍትሔ ያገኛሉ። ዋናውን መፍትሔ በፎይል ሸፍነው በጨለማ ያኑሩ።

ለመለኪያ መስመሩ ከ0.5 እስከ 4 ሚሊ ግራም በሊትር የሆኑ አምስት መፍትሔዎች አዘጋጅተው በ664 ናኖሜትር አብዞርባንሳቸውን፣ ማለትም ብርሃን የመምጠጥ መጠናቸውን፣ ይለኩ። እስከ 10 ሚሊ ግራም ያልዘረጋሁት በዚያ መጠን የመሣሪያው ንባብ ወደ 2 ስለሚጠጋ፣ የቀለሙ ሞለኪውሎችም ሲበዙ እርስ በርስ ስለሚጣመሩ መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ነው። ወፍራሞቹን ናሙናዎች ከመለካትዎ በፊት በትክክለኛ መጠን ያቅጥኗቸው፤ ሲያሰሉም የማቅጠኛውን ቁጥር መልሰው ያባዙ።

3. ካታሊስቱን መዝነው ይበትኑ።

ለ500 ሚሊ ሊትር 0.5 ግራም፣ ማለትም በሊትር 1 ግራም ይመዝኑ። የሙከራ መፍትሔው ካለበት ቢከር አስቀድመው አንድ ናሙና ይውሰዱ፤ ከዚያ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለውሰው ወደ ቢከሩ ይጨምሩና በኃይል ያማስሉ፤ አልትራሳውንድ መታጠቢያ ካለ 10 ደቂቃ ያስገቡት። የተጓጎለ ዱቄት ውስጡ ብርሃን ስለማይደርሰው አብዛኛው ሳይሠራ ይቀራል።

ዱቄት መጨመር ሥራውን የሚያፋጥነው እስከ አንድ ወሰን ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ላይኛው የውሃ ንብርብር ብርሃኑን ሁሉ ይውጠውና የታችኛው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ወሰኑ እንደ ቢከሩ ጥልቀትና እንደ መብራቱ ስለሚለያይ የራስዎን ለማወቅ በሊትር 0.25፣ 0.5፣ 1 እና 1.5 ግራም አድርገው አራት ሙከራ ይሥሩ፤ ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆመበት መጠን የእርስዎ መጠን ነው።

4. ፒኤቹን ያስተካክሉ።

የፒ25 ገጽ ፒኤች ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል ኤሌክትሪካዊ ሙላቱ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በታች ገጹ አዎንታዊ፣ ከዚያ በላይ አሉታዊ ነው። ሜቲሊን ብሉ ራሱ አዎንታዊ ስለሆነ ፒኤቹ ወደ 8 ሲጠጋ ገጹ ይስበዋል፤ እንደ ሜቲል ኦሬንጅ ያለ አሉታዊ ቀለም ግን የሚቀርበው በአሲዳማው በኩል ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ፒኤች 8 አድርገው፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ ለክተው ይመዝግቡ። ፒኤቹን ባለበት ለማቆየት የፎስፌት መፍትሔ እንዳይጨምሩ አደራ እላለሁ፤ ፎስፌት በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ገጽ ላይ አጥብቆ ስለሚለጠፍ ለበካዩ የሚሆነውን ቦታ ይይዛል።

5. ለ30 ደቂቃ በጨለማ ያማስሉ።

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው እርምጃ ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም የዚህ መዘለል ነው። ቢከሩን በፎይል ጠቅልለው ወይም በሣጥን ከድነው፣ መብራቱ ሳያርፍበት ለ30 ደቂቃ ያማስሉት። ዱቄቱ ከመግባቱ በፊት ከወሰዱት ናሙና በተጨማሪ፣ በ20ኛውና በ30ኛው ደቂቃ አንዳንድ ናሙና ይውሰዱ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተቀራራቢ ንባብ ከሰጡ ቀለሙ በገጹ ላይ መለጠፉን ጨርሷል፤ ካልሰጡ 15 ደቂቃ ይጨምሩ።

ምክንያቱን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። የጨለማውን ናሙና ሴንትሪፊውጅ ካደረጉ በኋላ ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥተው ሥሩን ይመልከቱ፦ ነጭ ሆኖ የገባው ዱቄት ሰማያዊ ሆኖ ይቀመጣል፤ በላዩ ያለው ውሃም ከመጀመሪያው ይልቅ የሳሳ ነው። አንዲት የብርሃን ጨረር ሳትነካው ቀለም ከውሃው ወጥቷል፤ ነገር ግን አልፈረሰም፣ ቦታ ብቻ ለወጠ። ይህን ያልለካ ሰው የዱቄቱን መለጠፍ የብርሃን ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የሒሳብዎ መነሻ ወደ ቢከሩ የቀዱት በሊትር 10 ሚሊ ግራም ሳይሆን በጨለማው መጨረሻ በውሃው ውስጥ የቀረው መጠን ነው።

6. አየር እየነፉ ብርሃኑን ይክፈቱ።

የአየር ቱቦውን ጫፍ ከቢከሩ ታች አድርሰው ደቃቅ አረፋ እንዲወጣ ያድርጉ፤ ከዚያ ክዳኑን አንሥተው ሰዓቱን ያስጀምሩ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ወለል ከፍታ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን 8 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ካልተተካ ያልቃል።

ለሜቲሊን ብሉ ይህ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ኦክስጅን ሲጠፋ ቀለሙ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሳይፈርስ ወደ ቀለም አልባ መልኩ ሊለወጥ ይችላል። አንድ ጊዜ የአየር ቱቦው ጠርዝ ላይ ታጥፎ አየር ማቋረጡን ሳላስተውል ሙከራውን ጨረስኩ፤ ውሃው ጥርት ብሎ ስላገኘሁት ናሙናውን ክዳኑን ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። በማግስቱ ጠርሙሱን አንሥቼ ስነቀንቀው ከላይ ጀምሮ ሰማያዊ እየሆነ ወረደ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የነጣ ናሙና ከአየር ጋር ነቅንቄ፣ ጥቂት ቆይቼ እንደገና ሳልለካ አልመዘግብም፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

የውሃውን ሙቀት በየ15 ደቂቃው ይመልከቱ። ሙቀቱ መጠነኛ ከሆነ ፍጥነቱን ብዙ አይለውጠውም፤ ይሁንና መብራትና አረፋ ተባብረው ውሃ ያተናሉ፣ የተነነ ውሃ ደግሞ የቀረውን ያወፍራል። በቢከሩ ላይ የውሃውን ልክ ምልክት አድርገው፣ ከናሙና ውጭ የጎደለውን በተጣራ ውሃ ይተኩ።

7. ናሙና ይውሰዱና ዱቄቱን ይለዩ።

በ0፣ 10፣ 20፣ 30፣ 45፣ 60 እና 90 ደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር ይውሰዱ። ከጨለማው ናሙናዎች ጋር ተደምሮ ከ500 ሚሊ ሊትሩ ከአሥር አንድ እጁን እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ውሃው በጣም ከጎደለ ጥልቀቱ ስለሚቀንስ የብርሃኑ አደራረስ ይለወጣል። እየተማሰለ ሳለ ከመካከል ይቅዱ እንጂ ማማሰያውን አቁመው አይቅዱ።

ናሙናውን ወዲያውኑ በፎይል በተሸፈነ ቱቦ ያኑሩትና ሴንትሪፊውጅ ያድርጉ ወይም ያጣሩ። በማጣሪያ የሚሠሩ ከሆነ ማጣሪያው ራሱ ቀለም እንዳይዝ አስቀድመው ይፈትኑት፦ መጠኑ የታወቀ 3 ሚሊ ግራም በሊትር መፍትሔ አሳልፈው ከማለፉ በፊትና በኋላ ይለኩ፤ ልዩነት ካለ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ይፈልጉ። የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሊትር ሁልጊዜ ያፍስሱት።

8. ይለኩና ያስሉ።

እያንዳንዱን ናሙና በ664 ናኖሜትር፣ ቀጥሎም በ800 ናኖሜትር ይለኩ። ሜቲሊን ብሉ በ800 ናኖሜትር ብርሃን ስለማይመጥ እዚያ ንባብ ካገኙ ያ ንባብ በውሃው የቀረ የዱቄት ጉም ነው። እንዲህ ያለውን ናሙና እንደገና ይለዩ፤ ሳይለዩ ከተዉት ጉሙ እንደ ቀለም ይቆጠርና የሥራውን ውጤት ያሳንስብዎታል።

በእንዲህ ዓይነት ቀጭን መፍትሔ ላይ ፍጥነቱ በአብዛኛው የመጀመሪያ ደረጃ ሕግ ይከተላል፤ ማለትም የመነሻው መጠን ለቀሪው መጠን ተካፍሎ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ ሲወሰድ ከጊዜው ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ለምሳሌ በጨለማው መጨረሻ 8.8፣ በ60ኛው ደቂቃ 2.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቢያገኙ፣ 8.8 ለ2.2 ሲካፈል 4 ነው፤ የ4 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 1.386 ነው፤ ለ60 ሲካፈል በደቂቃ 0.0231 ይሆናል። 0.693ን በዚህ ቁጥር ቢያካፍሉ 30 ደቂቃ ያገኛሉ፤ ይህም ቀለሙ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ነው። በሁለት ነጥብ ብቻ አይወሰኑ፤ ሁሉንም ነጥቦች በግራፍ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። መስመሩ መሐል ላይ ከጎበጠ ኦክስጅን ማለቁን፣ ፒኤች መለወጡን ወይም የፈረሰው ቀለም ስብርባሪዎች ከበካዩ ጋር መሻማታቸውን ይጠርጥሩ።

9. የማነጻጸሪያ ሙከራዎቹን ይሥሩ።

ሁለት ናቸው፦ ካታሊስት ሳይገባ በብርሃን ብቻ፣ ብርሃን ሳይበራ በካታሊስት ብቻ። መጠኑ፣ ማማሰያው፣ አየሩና ጊዜው ከዋናው ሙከራ ጋር አንድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው መብራቱ ለብቻው ምን ያህል እንደሚያፈርስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለ90 ደቂቃው ሁሉ የሚለጠፈውን መጠን ያሳያል። ለካታሊስቱ ሊሰጡ የሚችሉት እነዚህ ሁለቱ ከተቀነሱ በኋላ የሚቀረውን ብቻ ነው።

በሚታይ ብርሃን የሚሠራ አዲስ ካታሊስት አለኝ የሚሉ ከሆነ በሜቲሊን ብሉ ብቻ አያረጋግጡ። ቀለሙ ራሱ የሚታየውን ብርሃን መጦ ኤሌክትሮን ወደ ካታሊስቱ ሊያስተላልፍና በዚያው ሊፈርስ ይችላል፤ ይህ የቀለሙ ጠባይ እንጂ የካታሊስቱ ችሎታ አይደለም። ለዚህ እንደ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለ ቀለም አልባ በካይ ይጠቀሙ።

10. ካታሊስቱን መልሰው ይያዙ።

ሥራው ሲያበቃ ፒኤቹን ወደ 6.5 አካባቢ ያምጡና ቢከሩን ሌሊቱን ያለ ንቅናቄ ይተዉት። ገጹ ሙላት ሲያጣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መገፋፋት ስለሚያቆሙ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። የላይኛውን ውሃ በቱቦ ቀድተው ካወጡ በኋላ ዝቃጩን ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ አጥበው በ105 ዲግሪ ያድርቁት። ቢጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ከቀረበት በ400 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ማቃጠል በገጹ የተለጠፈውን ያስወግዳል፤ ከ600 ዲግሪ በላይ ግን አናቴሱ ወደ ሩታይል መለወጥና የገጹ ስፋት መጥበብ ስለሚጀምር አያሙቁት። በዚንክ ኦክሳይድ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያህል ተደጋጋሚ አገልግሎት መጠበቅ የለባቸውም፤ ዚንክ ኦክሳይድ በአሲድም በጠንካራ ቤዝም ይሟሟል፣ በብርሃኑም ራሱ እየተበላ ዚንክ ወደ ውሃው ይለቃል።

የወጣው ውሃም ሆነ ያረጀው ዱቄት ወደ መታጠቢያ ገንዳ አይደፋም፤ በተዘጋጀለት የኬሚካል ቆሻሻ ዕቃ ይሰብሰብ።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

- ቢከሩን በመስተዋት ወይም በፕላስቲክ ክዳን ሸፍኖ ከላይ ማብራት። ብዙ ፕላስቲኮች የሚፈለገውን ብርሃን ይመጥጣሉ።
- የቀለሙን መጠን ማብዛት። በጣም የጠቆረ መፍትሔ ብርሃኑ ካታሊስቱ ጋ ሳይደርስ ስለሚመጠው ሥራው የቆመ ይመስላል። ካታሊስቱ አልሠራም ከማለትዎ በፊት መፍትሔውን በአራት እጥፍ አቅጥነው ይሞክሩ።
- በተለያየ ቀን፣ በተለያየ የመብራት ርቀት የተገኙ ቁጥሮችን ማነጻጸር። መብራት በአገልግሎት ብዛት ይደክማል፤ የጨረር መለኪያ ካለዎት በየሙከራው መጀመሪያ በውሃው ገጽ ልክ ይለኩ።
- ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በልክ ያልሆነ መጠን መጨመር። በጥቂቱ ኤሌክትሮን እየወሰደ ያግዛል፤ ሲበዛ ግን ራሱ ሃይድሮክሲል ራዲካሎቹን ይበላል።
- አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ቁጥር መጻፍ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

ወደ እውነተኛ ፍሳሽ ሲሸጋገሩ

በተጣራ ውሃ ላይ በአንድ ሰዓት ያለቀው ሥራ በፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ወይም ጭራሽ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ይህም የእርስዎ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ፍሳሹ ድፍርስ ስለሆነ ብርሃኑን ያግዳል። በውስጡ ያለው ባይካርቦኔትና ክሎራይድ ሃይድሮክሲል ራዲካሉን እየተቀበለ ደካማ ወደሆነ ቅንጣት ይለውጠዋል። ከአፈርና ከዕፅዋት የመጣው ኦርጋኒክ ነገር ደግሞ ብርሃኑንም፣ የካታሊስቱን ገጽም ይሻማል።

ስለዚህ ቅድመ ዝግጅት ያድርጉ። ፍሳሹ በመጀመሪያ ይዝቀጥ፤ ካልጠራ በአልሙኒየም ሰልፌት እንዲጓጎል አድርገው ያጣሩት። በተህዋስያን በቀላሉ የሚበላ ኦርጋኒክ ጭነት ካለው ያን ክፍል ለባዮሎጂያዊ ማከሚያ ይተዉት፤ ብርሃንን በስኳርና በስታርች ላይ ማዋል ጉልበት ማባከን ነው። ይህ ዘዴ ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው ተህዋስያን ያቃታቸው፣ በመጠናቸውም አነስተኛ የሆኑ በካዮች ማለትም ማቅለሚያዎች፣ የመድኃኒት ቅሪቶችና ፀረ ተባዮች በቀሩበት የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። ፍሳሹ ባይካርቦኔት የበዛበት ከሆነ ፒኤቹን ወደ 5 ዝቅ አድርገው አየር በመንፋት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጡ፤ ከዚያ ለብርሃኑ ሥራ ወደሚፈልጉት ፒኤች ይመልሱት። ከባድ ብረቶች በዚህ ዘዴ እንደማይጠፉም ይወቁ፤ ለምሳሌ ስድስት ሙላት ያለው ክሮሚየም መርዛማነቱ ወደሚያንሰው ባለ ሦስት ሙላት ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል፣ ብረቱ ግን በውሃው ወይም በዱቄቱ ላይ አለና ተለይቶ መውጣት አለበት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የቀለም መጥፋት የሚያሳየው ብርሃን የሚመጠው የሞለኪውሉ ክፍል መሰበሩን ብቻ ነው፤ ስብርባሪዎቹ ቀለም አልባ ሆነው በውሃው ውስጥ ሊቆዩ፣ አንዳንዶቹም ከመነሻው ሞለኪውል የባሰ መርዛማ ሊሆኑ ይችላሉ። በካዩ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና አዮኖች ድረስ መፍረሱን ለማወቅ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ እርሱ ከሌለ ኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት (በውሃው ያለውን ኦርጋኒክ ነገር በኬሚካል ለማፍረስ የሚያስፈልገውን የኦክስጅን መጠን) ይለኩ። በተለመደው ሁኔታ ቀለሙ በአንድ ሰዓት ሲጠፋ ካርቦኑ ገና ብዙው ይቀራል፤ ብርሃኑን ማጥፋት ያለብዎት የካርቦኑ መስመር ሲወርድ እንጂ ዓይንዎ ሲረካ አይደለም።

ውሃው ወደ ወንዝ ወይም ወደ መስኖ የሚሄድ ከሆነ የካርቦን ልኬቱም ብቻውን ስለማይበቃ የመርዛማነት ፍተሻ ያክሉ፤ የውሃ ቁንጫ በተባለው ደቃቅ የውሃ እንስሳ ወይም በዘር ማብቀል የሚደረገው ፍተሻ ለዚህ ይሠራል። ለሁሉም ልኬቶች ዱቄቱ ተለይቶ መውጣቱን ያረጋግጡ። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጨምረው ከነበረ ደግሞ ከመለካትዎ በፊት ቅሪቱን ካታሌዝ በተባለው ኢንዛይም ያጥፉት፤ ፐሮክሳይድ የኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎትን ንባብ ያለአግባብ ከፍ ያደርጋል፣ የውሃ ቁንጫዎቹንም ራሱ ይገድላል።